ሲናጎግ ምንድን ነው?

ሲናጎግ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሕንፃ ነው። የአይሁድ ጸሎት ቤት፣ እኛ ምኩራብ የምንለው። ቃሉ መጀመሪያ ላይ ግን ግድግዳም ጣሪያም አልነበረውም።

ግሪኩ «ሲናጎጌ» ነው። «ሲን» አብሮ ማለት ነው፤ ሲኖዶስ ውስጥ ያለችውም እሷው ናት። «አጎ» ደግሞ መምራት፣ ማምጣት። ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ላይ ማምጣት፣ መሰብሰብ ይሆናል። የሚሰበሰበው የግድ ሰው አይደለም። ዘፍጥረት 1፥9 ላይ ውኃው በአንድ ስፍራ ይሰብሰብ ይላል አይደል? የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም እዚያ ጋ ውኃው ወደ አንድ «ሲናጎጌ» ይሰብሰብ ነው የሚለው። የውኃ ምኩራብ እንበለው ይሆን?

ከዚያ ቃሉ ለሰው ጉባኤ ሆነ፤ በተለይ ለእስራኤል ማኅበር። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው የሚገባበት የክርስቲያኖች ጉባኤ እንኳ በግሪኩ ሲናጎጌ ነው።

ቤቱ መጠሪያ አጥቶ አልነበረም። ግብፅ የነበሩ አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቤቱን «ፕሮሴውኬ» ይሉት ነበር፤ ጸሎት ማለት ነው። የተሰብሳቢዎቹ ስም ወደ መሰብሰቢያው የተሻገረው ቀስ እያለ ነው። ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም፤ «ቤተ ክርስቲያን» ስንል ሕንፃውንም ምእመኑንም ማለታችን ነው።

ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሊቃውንት መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከመፍረሱ በፊት የተጻፈ ነው ይላሉ። ቴዎዶጦስ የሚባል ካህንና የምኩራብ አለቃ ሲናጎግ ሠራሁ ይላል። ለምን? ሕግ እንዲነበብበት፣ ትእዛዛት እንዲማሩበት። ከሩቅ ለሚመጡ እንግዶችም ማደሪያና ውኃ አዘጋጀሁ ይላል። የሚገርመው፣ ስለ ጸሎት አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ቤቱ ትምህርት ቤትም የእንግዳ ማረፊያም ነበር ማለት ነው።

ዕብራይስጡም ሐሳቡ ያው ነው፦ «ቤት ክኔሴት»፣ የመሰብሰቢያ ቤት። የእስራኤል ፓርላማም ክኔሴት የተባለው ከዚሁ ሥር ነው። ጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤል ግን ጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት ነበር። እነሱ ስሙን ያወጡት ከስብሰባው ሳይሆን ከስግደቱ ነው።