«ፈትጊው» አትበሏት፦ ስለ ክንድ ላይ ችፍታ የሚወሩ ስህተቶች

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ልትታይ መጣች። ቀኑ ይሞቃል፤ የልጅቱ እጅጌ ግን እስከ አንጓዋ ወርዷል። «እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢልኝ» ስላት አመነታች። እናቷ ቀደም አሉ። «ዶክተር፣ ስንፍና ነው እኮ። ስትታጠቢ በደንብ ፈትጊው እላታለሁ፣ መቼ ትሰማኛለች!»

ሰምታቸዋለች። ክንዷን ስትገልጠው ሌላ ሰው ቢያየው ቃጠሎ ይመስለው ነበር። ቆዳዋ ተልጧል፤ አልፎ አልፎ ቅርፊት ይዟል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ጠዋትና ማታ በሻካራ ጓንት ስትፈትገው ነው የከረመችው። ችፍታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ቆዳ ማከም ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን «ፈትጊው» የሚል ምክር ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ችፍታው ኬራቶሲስ ፒላሪስ ይባላል። ስሙ ከነገሩ ይከብዳል። ክንድ ላይ ከትከሻ ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል፣ ጭንና መቀመጫ ላይ፣ ሕፃናት ላይ ደግሞ ጉንጫቸውም ላይ ችፍ ችፍ ብሎ ይወጣል። ሲዳስሱት ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሲያዩት ላባው የተነጨ ዶሮ ይመስላል። በጉርምስና ዕድሜ ካሉት ቢያንስ ግማሾቹ፣ ከአዋቂዎች ደግሞ ከ10 ሰው 4ቱ ገደማ አለባቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ብትሰበስቡ እጅጌውን ጎትቶ የተቀመጠው ብዙ ነው ማለት ነው። ሁሉም ግን እሱ ብቻ ያለበት ይመስለዋል።

«ቆሻሻ ነው፣ በደንብ ይታጠብ»

ቆሻሻ አይደለም። ቆዳችን ኬራቲን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ይሠራል። ጥፍርና ፀጉርም ከዚሁ ነው የሚሠሩት። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኬራቲን ፀጉር የሚወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ ይከማችና ውታፍ ይሆናል። ውስጥ ያለችው ቀጭን ፀጉር መውጫ ታጣለች። በማጉያ ሳየው አንዳንዴ ውታፉ ስር እንደ ክር ተጠቅልላ ትታየኛለች። ለልጅቱም አሳየኋት። «ውይ፣ ፀጉር ነው እንዴ?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየችኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ይህን ውታፍ በጓንት ስትፈትጉት ጫፉ ይቆረጣል፣ ስሩ እዚያው ይቀራል። ቆዳ ደግሞ ሲፋተግ ዝም አይልም፤ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። መጋዝ ይዞ የሚውል ሰው መዳፉ ምን እንደሚሆን አስቡ። ክንዳችሁንም እንደዚያው እያደረጋችሁት ነው። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ የተላጠው ሲድን ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ነጥቡ ከችፍታው የበለጠ ዓይን ይስባል፣ ቶሎም አይለቅም። በጥፍር መፈንቀልም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

በጣም የሚሞቅ ውሃና ብዙ አረፋም የቆዳውን ወዝ ይዘው ይሄዳሉ። ድርቀት ደግሞ የዚህ ችፍታ ወዳጅ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በቀን 2 ጊዜ ሻወር የሚወስደው፣ ንጽሕናው የሚያስቀናው ሰው፣ ብዙ ጊዜ የከፋ ክንድ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ። እናትየዋን «እስቲ እርስዎም ክንድዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ግር እያላቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ደብዘዝ ብሏል እንጂ አለ። «ይሄማ ድሮም ነበረብኝ፤ የሁሉም ሰው ክንድ እንዲህ አይደል እንዴ?» አሉ። ልጅቱ በሰያፍ አየቻቸው። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

«ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ፎጣ ተጋሩ፣ ተቃቀፉ።

«ብጉር ነው»

ብጉር ሌላ ነው። በብጉር ውስጥ የቆዳ ቅባትና ባክቴሪያ እጃቸው አለበት፤ እዚህ ውታፍ ብቻ ነው ያለው። ፊት ለማድረቅ የተሠራ የብጉር ሳሙና ክንድ ላይ ስትደፉ የተጠማን ቆዳ ውሃ እየነሳችሁት ነው።

«የቫይታሚን እጥረት ነው»

ይህ ወሬ ከሜዳ አልተነሳም። ከባድ የቫይታሚን ኤ እጥረት የፀጉር ቀዳዳን የሚደፍን ሻካራ ችፍታ ያመጣል። ነገር ግን እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ በአብዛኛው ክርንና ጉልበት አካባቢ ይጀምራል፣ የዓይን ችግርም አብሮት ሊመጣ ይችላል። በደንብ የሚበላ ጤነኛ ወጣት ክንዱ ስለሻከረ ብቻ የቫይታሚን ኤ እንክብል መዋጥ የለበትም። ይህ ቫይታሚን ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበትም ይጎዳል። አንድ ጎረምሳ 3 ዓይነት እንክብል በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ክንዱ ያው ነው።

«ጠንካራ ክሬም ይጠርገዋል»

ጠንካራ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ወይም ስቴሮይድ የተደበቀበት የማንጫ ክሬም። መጀመሪያ ላይ ቅላቱን ስለሚያበርደው የሠራ ይመስላል፤ ውታፉን ግን አይነካውም። ያለ ሐኪም ወራት ሲቀቡት ቆዳው ይሳሳል፣ ይሸነታተራል። ለችፍታ መጥቶ ሽንትር ይዞ የሄደ ቆዳ ማየት ሰልችቶኛል።

«ዘይት መቀባት ብቻውን ይበቃል»

ያለሰልሳል፣ እርጥበትም ይይዛል። ውታፍ አያሟሟም።

አሁን ወደሚሠራው እንምጣ። ሻወራችሁን አሳጥሩት፤ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ውሃውም ለብ ያለ ይሁን። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ያዙ። በፎጣ አትሹት፤ መታ መታ አድርጉና ገና እርጥብ እያለ፣ 3 ደቂቃ ሳይሞላው፣ ክሬማችሁን ቀቡ። ብዙ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ስልኩን አይቶ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ያኔ ውሃው ተኗል።

ክሬሙ ውስጥ ምን አለ? ጀርባውን አንብቡ። ዩሪያ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያለው ብዙ ጊዜ ጥሩ መነሻ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ኬራቲኑንም ያላላል። ላክቲክ አሲድና ሳሊሲሊክ አሲድም ይሠራሉ። አንዱን ምረጡ። ሦስቱን በአንድ ሌሊት ደራርቦ ቀብቶ «አቃጠለኝ» የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ አለ። አሲድ ያለውን ማታ ማታ፣ ቀን እየዘለላችሁ ጀምሩ፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አትቀቡ፤ ቀን ክንዳችሁን ከፀሐይ ጠብቁ። ለትንንሽ ልጆች ሳሊሲሊክ አሲድን ሐኪም ሳታማክሩ አትቀቡ። ሬቲኖይድ የሚባሉት፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆኑት ቅባቶች ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሆኑም።

ከዚያ ጠብቁ። 1 ሳምንት አይደለም፤ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ለውጥ ሲመጣ ደግሞ አታቁሙ፣ ካቆማችሁ ተመልሶ ይመጣል። «እስከ መጨረሻው የሚነቅል የለም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሴ፣ የለም። ብዙ ሰው ላይ ዕድሜ ሲጨምር ራሱ ይደበዝዛል። ካላስቸገራችሁም ምንም አለማድረግ ይቻላል፤ ጉዳት የለውም።

መግል ከያዘ፣ ካመመ፣ በጣም ካሳከከ ግን ታዩ፤ ችፌ ወይም የፀጉር ስር ቁስለት ሊሆን ይችላል። ቅንድብ አካባቢ ችፍ ብሎ የቅንድብ ፀጉር እየሳሳ ከሄደም አትዘግዩ፤ ጠባሳ የሚተው ዓይነት አለ።

ልጅቱን መጀመሪያ ምንም አሲድ አላዘዝኩላትም። 2 ሳምንት ቫዝሊን ብቻ፣ የተላጠው እስኪሽር። ጓንቱን እናቷ ራሳቸው ጣሉት። ከዚያ ዩሪያ ጀመረች። ከ2 ወር በኋላ ስትመለስ ክንዷን ዳሰስኩት፤ ከሞላ ጎደል ለስልሷል። ጓንቱ የተወው ጥቁረት ግን አሁንም አለ። «ይሄኛውስ መቼ ይለቃል?» አለችኝ። ምናልባት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ነገርኳት። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ።