የዓይን ሌዘር ምንድን ነው? ላሲክ፣ ፒአርኬ ወይስ ስማይል?

መነጽር የሰለቸው ሰው ጉግል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ስም ይዞ ይመጣል። ላሲክ፣ ፒአርኬ፣ ስማይል። ከዚያ «የትኛው ይሻላል?» ይላል፣ ስልክ የሚመርጥ ይመስል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እዚህ ባሕር ዳር «ሌዘር» ሲባል ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይቀላቀላል። የእናትየው ሞራ፣ የአጎትየው ግላኮማ፣ ስኳር ያለበት ሰው ረቲና፣ ሁሉም «ሌዘር ይሠራለት» ነው። እኔ የማወራው መነጽር ስለሚያስጥለው ሌዘር ብቻ ነው። ይኼኛው ሞራን አይነካም። ሞራ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ነው፣ ሌላ ሥራ።

መነጽር የሚያስጥለው ሌዘር የሚሠራው ኮርኒያ ላይ ነው። የዓይን ባንክ ከሞት በኋላ ለግሱ የሚለን ያ ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ማለት ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው የሚታጠፈው እዚህ ነው። ማይነስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ብርሃኑን ከሚገባው በላይ ስለሚያጥፈው የሩቁ ይደበዝዝበታል። ሌዘሩ ከኮርኒያው መሐል ትንሽ ቀንሶ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። በቃ። ሦስቱም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የሚለያዩት በየት በኩል ገብተው ይሠሩታል የሚለው ላይ ነው።

ፒአርኬ አንጋፋው ነው። የኮርኒያው ላይኛ ቆዳ ይነሳና ሌዘሩ በቀጥታ ላዩ ላይ ይሠራል። ያ ቆዳ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይበቅላል፣ እስከዚያ እንደ ፋሻ የሚያገለግል ለስላሳ ሌንስ ይደረጋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያማል። ሁለት ሦስት ቀን ያቃጥላል፣ እንባ ያፈስሳል፣ ብርሃን ያስጠላል። እይታውም ቀስ እያለ ነው የሚጠራው፣ ሳምንታት ይወስዳል።

ላሲክ ላይ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን የምትሆን ስስ ክዳን ትቆረጣለች። በአንድ ጎኗ ሳትለቅ ትገለጣለች፣ ሌዘሩ ከሥሯ ይሠራል፣ ተመልሳ ትከደናለች። ስፌት የለም። ብዙ ሰው በማግሥቱ ደህና ያያል፣ ዝናው የመጣውም ከዚሁ ነው። ችግሩ ግን ክዳኗ መቼም እንደ ድሮው አትጠነክርም። ዓይን ላይ ያረፈ ኃይለኛ ምት ከዓመታት በኋላም ሊያንሸራትታት ይችላል። ወታደር ከሆናችሁ፣ ቦክስ ወይም ካራቴ የምትሠሩ ከሆነ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ተናገሩ። ሲቆረጥ ነርቮችም አብረው ስለሚቆረጡ የዓይን ድርቀት ለወራት ሊከተል ይችላል።

ስማይል የመጨረሻው ልጅ ነው፣ አሜሪካ የፈቀደችው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ክዳን የለውም። ሌዘሩ ኮርኒያው ውስጥ ቀጭን ሥጋ ይቀርጽና ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። ድርቀቱ ከላሲክ ያነሰ ነው። ነገር ግን በዋናነት ለማይነስ እና ለአስቲግማቲዝም (ኮርኒያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመጎበጡ ለሚመጣ ብዥታ) ነው፣ ፕላስ ያለበት፣ ማለትም በተለይ የቅርቡ የሚደበዝዝበት ሰው ብዙ አይጠብቅ። በኋላ ማስተካከያ ቢያስፈልግ የሚገለጥ ክዳን ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ ፒአርኬ ይሠራል። አያችሁ፣ አሮጌው ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው ሒሳብ ነው። ኮርኒያችሁ 490 ማይክሮን ነው እንበል፣ መነጽራችሁ ደግሞ ማይነስ 8። ለእያንዳንዷ ማይነስ 15 ማይክሮን ገደማ ይነሳል (በሚሠራበት ስፋት ትንሽ ይለያያል)፣ ስለዚህ 120 ሄደ። ላሲክ ከሆነ የክዳኗን 110 ጨምሩበት። ከሥር የቀረው 260 ብቻ ነው። ከ250 በታች መውረድ እንደሌለበት ለረጅም ጊዜ የተያዘ መስመር ነው፣ ብዙ ሐኪም ደግሞ 300 እንዲቀር ይፈልጋል። ይኸው ሰው ፒአርኬ ቢሠራ የሚነሳው የላይኛው ቆዳ 50 ገደማ ስለሆነ 320 ይቀረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «ላንተ ፒአርኬ ነው» ሲል አሮጌውን ሊሸጥልኝ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ። ቁጥሩን ጠይቁት፣ ወረቀት ላይ ያሳያችሁ። ቁጥሩ ለፒአርኬም የማይበቃ ከሆነ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ አለ፣ እሱ ሌዘር አይደለም።

ከውፍረቱ ሌላ ቅርጹም አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የኮርኒያው ካርታ ይነሳል። የሚፈለገው ኬራቶኮነስ ነው፣ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም። ይህ ከታየ ሦስቱም አይሠሩም፣ ቢሠሩ ያባብሱታል። ከልጅነቱ ጀምሮ በአለርጂ ዓይኑን ሲያሽ ያደገ ሰው፣ እና እኛ ጋ ይህ ስንቱ ነው፣ ማሸቱን ለሐኪሙ ይንገር። ካርታ ሳያነሳ ቀጠሮ የሚሰጣችሁ ቦታ ካለ ዝም ብላችሁ ውጡ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ደግሞ ከምርመራው አንድ ሁለት ሳምንት በፊት አውልቁ፣ ጠንካራው ዓይነት ከሆነ ከዚያም በላይ፣ አለበለዚያ ካርታው ይዋሻል።

ወደ ከተማችን ስንመጣ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቀትሩ ፀሐይ ከላይ ነው፣ ከጣና ላይ ደግሞ ነጸብራቁ ከታች ይመጣል። ከፒአርኬ በኋላ ይህ ጨረር ኮርኒያው ላይ ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ የመውጣት ዕድሉን ይጨምራል። ጀልባ ነጂ፣ ዓሣ አጥማጅ ወይም ቀኑን ሙሉ ብስክሌት ላይ የሚውል ሰው ጨረር የሚከላከል ጥቁር መነጽር ለወራት ከዓይኑ ማውለቅ የለበትም። ላሲክ ለሠራ ደግሞ ነፋስና የባጃጅ አቧራ ድርቀቱን ያብስበታል። እኔ ብሆን ክረምት እስኪገባ እጠብቃለሁ፣ አቧራውም ፀሐዩም ይቀንሳል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ለሳምንታት የለም፣ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ኮርኒያን የሚበላ አሜባ ይኖራል። ጠበል የምትጠመቁም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ዓይናችሁ ላይ እንዳይረጭ ለአጥማቂው ንገሩ።

ዕድሜም አለ። ከ18 በታች አይሠራም፣ የመነጽሩ ቁጥርም ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቆም አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትጠብቅ። አርባን ያለፈ ሰው ደግሞ ሩቁን በሌዘር ቢያስተካክልም ለንባብ መነጽር ማድረጉ አይቀርም፣ የዚያ ምክንያቱ ኮርኒያው ሳይሆን ውስጥ ያለው ሌንስ ነው።

ለሕክምናው አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ፒአርኬ ከላሲክ ይልቅ ረዘም ያለ ቆይታ ይጠይቃል። ፋሻዋ ሌንስ በሐኪም እጅ ሳትወጣ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ጠብታውም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይቀጥላል፣ ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ስላለበት የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱን እዚሁ ባሕር ዳር የሚለካላችሁ የዓይን ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ።