የናይትሬት ስርገት ምንድን ነው?

ዩሪያ በተበተነ ማግስት ዶፍ ዝናብ ከጣለ ገበሬው «ማዳበሪያዬን ዝናብ ወሰደብኝ» ይላል። ይህን ስንሰማ የሚመስለን ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ እንደወሰደው ነው። ከፊሉ ግን ከማሳው ሳይወጣ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሰብሉ ሥር ያልፍና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል። የናይትሬት ስርገት የሚባለው ይህ ነው።

ናይትሬት የናይትሮጅንና የኦክስጅን ውሁድ ሲሆን በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ሰብል ናይትሮጅንን በብዛት የሚመገበው በዚህ መልኩ ስለሆነ ያለ እሱ እህል አይገኝም። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲገባ በጥቂት ቀናት አሞኒየም ወደሚባል ሌላ የናይትሮጅን ዓይነት ይለወጣል፤ ቀጥሎ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒየም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ያላቸው የሸክላ ቅንጣቶች ስበው ያስቀሩታል። ናይትሬት ግን የራሱም ሙል አሉታዊ ነው፤ የሚይዘው ስለሌለ ውሃው በሄደበት ይሄዳል። ፍግና ኮምፖስትም በስብሰው መጨረሻቸው ይኸው ናይትሬት ነው። ስለዚህ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ውሃ አይበክልም» የሚለው አነጋገር ያሳስበኛል፤ በተለይ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱን ከበረቱ አጠገብ የቆፈረ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ስርገት የሚመጣው ሰብል ያልወሰደው ናይትሬት አፈር ውስጥ እያለ፣ አፈሩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ውሃ ሲጨመር ነው። በብዙው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሁለቱ በሰኔና በሐምሌ ይገናኛሉ። በጋውን ሙሉ የደረቀ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲቀምስ ደቂቅ ዘአካላት ባንድ ጊዜ ነቅተው ከብስባሹ ብዙ ናይትሮጅን ይለቅቃሉ። ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ ያጠናው በርች የተባለ ተመራማሪ ስለነበር ዛሬም በስሙ ይጠራል። በዚያ ሰሞን ማሳው ባዶ ነው፤ ቡቃያ ካለም ሥሩ ገና ጣት አያክልም። በዚህ ላይ የዓመቱ ዩሪያ ሁሉ በዘር ቀን ከተበተነ፣ የሚመገበው ሰብል ሳይደርስ ማዕዱ ቀረበ ማለት ነው።

የአፈሩም ዓይነት ልዩነት ያመጣል። አሸዋማ አፈር ውሃን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ናይትሬቱም አብሮ ይወርዳል። ዋልካ መሬት ደግሞ በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ በኩል ወደ ጥልቁ ይዘልቃሉ፤ ርሶ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ ይተኛበታል፣ ናይትሮጅኑም በከፊል ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይጠፋል።

መጠኑን በስሌት እንየው። በ1 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። ከዚህ 10 ኪሎው ብቻ ቢሰርግ፣ የኦክስጅኑ ክብደት ሲታከልበት 44 ኪሎ ያህል ናይትሬት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ያ 10 ኪሎ እንግዲህ 880,000 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃን እስከዚህ ጣሪያ ያደርሳል፤ ባለ 20 ሊትር 44,000 ጀሪካን ማለት ነው።

ጣሪያው የተበጀው ሕፃናትን በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ኮምሊ የተባለ ሐኪም በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ጨቅላዎች ሰውነታቸው ለምን እንደሚጠቁር አስረዳ፦ ናይትሬቱ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ይበልጥ የሚጠቁት ከስድስት ወር በታች ያሉት ናቸው። የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከዚህ አደጋ በእጅጉ ይጠበቃል። እናቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ውሃ ማፍላት ናይትሬትን አያስወግድም። እንዲያውም ከፊሉ ውሃ ሲተን ናይትሬቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠናል። ክሎሪንም አይፈታውም፤ ጣዕምና ሽታም ስለሌለው በምላስ አይታወቅም።

ያችው አዮዋ ዛሬም ዋጋውን እየከፈለች ነው። በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳዎች ሥር የተቀበሩ ቱቦዎች የአፈሩን ውሃ ከነናይትሬቱ ወደ ወንዞች ስለሚያፈስሱት፣ የዴ ሞይን ከተማ ውሃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናይትሬት ማጣሪያ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሦስት አውራጃዎች የሚገኙትን የፍሳሽ ቦዮች አስተዳዳሪዎች ከሰሰ፤ ክሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ውድቅ ተደረገ። ማጣሪያውን የሚያስኬደው ገንዘብ ከውሃ ተጠቃሚው ኪስ ይወጣል።

እኛ ዘንድ ማዳበሪያ ውድ ነው፤ ስለዚህ ውሃን የሚጠብቀው አሠራር ለገበሬውም ኪስ ይበጃል። ዩሪያን ከፋፍሎ መስጠት ዋነኛው ነው፦ ለበቆሎ ከፊሉን ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ ለስንዴ አብዛኛውን ቅርንጫፍ ሲያወጣ። በመስኖ በሚለማ ሽንኩርት ላይ ግን ይበልጥ እሰጋለሁ። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ ቦዩ እስኪሞላ ውሃ ሲለቀቅ ናይትሬቱ ከሥሩ በታች ለመውረድ ጥቂት ይበቃዋል፣ በብዙ ቦታም መስኖው የሚሳበው ቤተሰቡ ከሚጠጣው ከዚያው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ነው። ጥቂት ጥቂት ውሃ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ከመኸር በኋላም ማሳውን ባዶ ሳይተዉ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት የተረፈውን ናይትሬት ሥር እንዲይዘው ያደርጋል።

ጉድጓድ ያለው ሰው ውሃውን አንድ ጊዜ አስመርምሮ ቢተወው ልኩን አያውቅም። ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ መጠኑ ከክረምት በፊትና በመስከረም ሊለያይ ይችላልና ሁለቱንም ጊዜ ማስመርመር ይገባል። በጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ዛሬ የሚለካው ናይትሬት ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥርት ዓመታት በፊት ከማሳ ያመለጠው ሊሆን ይችላል።