1815 ቤትሆቨን ምንድን ነው?

1815 ቤትሆቨን በማርስና በጁፒተር ምሕዋሮች መካከል ባለው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ፣ ወደ ውጨኛው ጠርዝ ጠጋ ብሎ ፀሐይን የሚዞር አስትሮይድ፣ ማለትም ከፕላኔት የሚያንስ የጠፈር አለት፣ ነው። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አንዱን ዙር ለመጨረስ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። የተሰየመው በታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ በሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ነው።

ቁጥሩን ዓመት አድርጎ ማንበብ ይቀናል፤ በ1815 ደራሲው በሕይወት ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ቁጥሩ ግን የመዝገብ ተራ ነው። አስትሮይድ እንደተገኘ የሚሰጠው ጊዜያዊ መለያ ብቻ ነው። ቋሚ ቁጥር የሚያገኘው ደጋግሞ ታይቶ ምሕዋሩ በቅጡ ሲሰላ፣ ከዓመታት በኋላ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ መናገር ሲቻል ነው። ስም የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሐሳብ የማቅረብ ቅድሚያው የአግኚው ሲሆን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። በመዝገቡ አቅራቢያ ሌሎች የሙዚቃ ደራሲዎችም አሉ፤ 1814 ባኽ ነው፣ 1818 ደግሞ ብራምስ። ጉርብትናቸው ግን በመዝገብ ላይ ነው እንጂ በሰማይ አይደለም፤ ባኽ የሚዞረው በቀበቶው ውስጠኛ ክፍል፣ ለፀሐይ በእጅጉ ቀርቦ ነው።

ሦስቱንም ያገኛቸው በጀርመን ሃይድልበርግ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርል ራይንሙት ነው። ቤትሆቨንን ያገኘው እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1932 ነበር። በዚያ ዘመን ሥራው በፎቶግራፍ መስታወት ነበር። ቴሌስኮፑ የከዋክብትን ጉዞ እየተከተለ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ይሰበስባል፤ መስታወቱ ሲታጠብ ከዋክብቱ ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ፣ በመካከላቸው የሚንቀሳቀሰው አስትሮይድ ግን አጭር ጭረት ይተዋል። ያቺን ጭረት ከሺህ ነጠብጣብ መሐል ለይቶ ማውጣት የዓይንና የትዕግሥት ሥራ ነበር። ራይንሙት በዚህ መንገድ ወደ 400 የሚጠጉ አስትሮይዶችን አግኝቷል።

ስለዚህ አለት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ዝግታው ነው። በራሱ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመዞር 54 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ በስፋት እጅግ የሚበልጠው፣ የቀበቶው ግዙፍ አካል ሴሬስ እንኳ በዘጠኝ ሰዓት ይዞራል። ይህ የታወቀው በብርሃኑ ነው። አለቱ ድቡልቡል ስላልሆነ ሰፊ ጎኑን ሲያዞርልን ደመቅ፣ ጠባቡን ሲያዞር ፈዘዝ ይላል፤ ያ መጨመርና መቀነስ በሰዓት ሲለካ የመሽከርከሪያው ጊዜ ይወጣል። እንዲህ ባለ ዘገምተኛ ላይ የአንድ ሌሊት ልኬት የዙሩን ቁራሽ ብቻ ስለሚያሳይ፣ የብዙ ሌሊት ልኬቶችን መቀጣጠል ግድ ነው።

መልኩ በካርቦን የበለጸገና ጥቁር ነው፤ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ በድምቀቱ ብቻ ስፋቱን መገመት አይቻልም፤ ትንሽ ነጭ አለትና ትልቅ ጥቁር አለት ከሩቅ እኩል ሊታዩ ይችላሉ። ጥቁሩ ግን የዋጠውን ብርሃን በሙቀት መልክ መልሶ ይረጨዋል፤ ያንን በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ የሚለኩ የጠፈር ቴሌስኮፖች ናቸው መጠኑን የነገሩን።

ቤትሆቨን ራሱ የአስትሮይድ ፍለጋ የተጀመረበት ዘመን ሰው ነው። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጁዜፔ ፒያዚ የመጀመሪያውን፣ ሴሬስን፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ነበር፤ ቤትሆቨን “የጨረቃ ብርሃን” የተባለውን ሶናታ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው። በ1802 ፓላስ፣ በ1804 ጁኖ፣ በ1807 ቬስታ ተከተሉ። አምስተኛው የተገኘው በ1845 ሲሆን ቤትሆቨን ያረፈው በ1827 ነው፤ በዕድሜው የታወቁት እነዚህ አራቱ ብቻ ነበሩ።

በሜርኩሪ ላይም ቤትሆቨን የሚባል፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ግዙፍ ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ስሙን ያለ ቁጥር ካነበባችሁ ምናልባት የሚወራው ስለዚያ ነው፤ 1815 ከፊቱ ካለ ግን ስለ አስትሮይዱ ነው።