የአእምሮ እድገት ውስንነት ምንድን ነው?

ቀድሞ በደብዳቤም በመማሪያ መጽሐፍም «የአእምሮ ዘገምተኛ» ይባል ነበር። ዛሬ ወላጆችና የልዩ ፍላጎት መምህራን «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ይላሉ። የስም ለውጡን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም፤ ልጅ በየቀኑ በሚጠራበት ቃል ነው ራሱን የሚያውቀው።

ብዙ ሰው ከአእምሮ ሕመም ጋር ያምታታዋል። የአእምሮ ሕመም በጎልማሳነትም ሊጀምር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም በሕክምና ይሻላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ግን የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ የሚያጠፋው ክኒንም የለም። ኑሮውን የሚለውጠው ትምህርትና ድጋፍ ነው።

ባለሙያ ይህን ስም የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው፦ የመማርና የማሰብ አቅም ከእኩዮች በጣም ማነሱ (በአእምሮ አቅም መለኪያ (IQ) ፈተና 70 ገደማ ወይም ከዚያ በታች)፣ በዕለት ኑሮ ክህሎት፣ ማለትም በመልበስ፣ በመታጠብ፣ ገንዘብ በመቁጠር፣ ከሰው በመግባባት ወደኋላ መቅረት፣ ይህም ሁሉ ገና በእድገት ዘመን መታየቱ። እኔ ከሦስቱ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። ቁጥሩ እናት ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም። «ራሱን ችሎ ይበላል፤ ቁልፍ መቆለፍ ግን አይችልም» የሚለው ይነግራታል።

ይህ ውስንነት ካለባቸው ከመቶው 85 ያህሉ «ቀላል» በሚባለው ደረጃ ላይ ናቸው። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ልብ የሚላቸው ላይኖር ይችላል፤ ከገቡም በኋላ «ሰነፍ» ተብለው ይገረፋሉ፣ ክፍል ይደግማሉ። ልቤን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

መንስኤው እርግማንም የእናት ኃጢአትም አይደለም። ከመንስኤዎቹ አንዱ በሆነው በዳውን ሲንድረም፣ 21ኛው ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘረመል የሚይዘው ክር) ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይሆናል። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ ኦክስጅን ሲያጣ፣ ማጅራት ገትር ሲይዘው አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት ሲኖርም እንዲሁ፤ ያው እንቅርት የሚያመጣው እጥረት ማለት ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር። መንስኤው ጨርሶ የማይታወቅበት ጊዜም ብዙ ነው። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ የልጁን ጆሮ፣ ዓይንና የታይሮይድ ዕጢ ማስመርመሩንም አይተው። ሳይሰማ ቀርቶ «አይገባውም» የተባለ ልጅ አለና።

ማስተማሩ ሥራን በመቆራረጥ ይጀምራል። «ሹራብህን ልበስ» ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለእሱ ግን አምስት ስድስት ነው፦ ፊቱን ከጀርባው መለየት፣ አንገት ማስገባት፣ አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ፣ ወደታች መጎተት። ሁሉንም አልብሰውት የመጨረሻውን መጎተት ብቻ ለእሱ ይተዉለት። ጎትቶ ሲጨርስ «ለበስክ! ጎበዝ!» ይበሉት። ያንን ሲለምድ ከመጨረሻው ሁለተኛውን ይጨምሩለት። ሁልጊዜ የሚያበቃው በራሱ እጅ ስለሆነ፣ ሥራውን የጨረሰው እሱ ነው። ሳምንታት ይፈጃል። ልጁ እንዲፈጥን ብሎ ሁሉን ነገር የሚሠራለት ታላቅ ወንድም፣ ፍቅሩ እውነት ቢሆንም፣ ይህን ዕድል ይነጥቀዋል።

መምህርም ይህንኑ ወደ ክፍል ማምጣት ይችላል። አንድ ትእዛዝ ብቻ በአንድ ጊዜ ይስጥ፤ ከጠየቀ በኋላ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር፤ መደመርን በእውነተኛ ሳንቲም፣ ዳቦ በመግዛት ያስተምር። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የአካቶ ትምህርት (ልጆች ሁሉ አብረው የሚማሩበት) የድጋፍ መስጫ ማዕከልና የልዩ ፍላጎት መምህር የሚያስፈልጉት። ወላጅ ከርዕሰ መምህሩ ሲጠይቅ ልመና አይደለም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። ፍቅር የተባለው ብሔራዊ ማኅበር በአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ዲቦራ ፋውንዴሽን ደግሞ በዳውን ሲንድረም ላይ ይሠራሉ። ከክሊኒክም በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ካላት ሌላ እናት ጋር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ብዙ ያቀላል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤቱን ነፃ ምርመራና አስተርጓሚ በጽሑፍ ጠይቁ። «ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል፣ አማርኛውን ተዉት» የሚላችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትስሙት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ሁለት ቋንቋ መልመድ እንደሚችሉ ታይቷል፤ አያቱን በስልክ «ደህና ነሽ?» የሚላትም በአማርኛ ነው።