ሳሙራይ ባይበላም ስቴኪኒውን ቀና ያደርጋል

ጃፓኖች «ቡሺ ዋ ኩዋኔዶ ታካዮጂ» የሚሉት አባባል አላቸው። ቡሺ ጦረኛው ነው፤ እኛ ሳሙራይ ብለን የምናውቀው። አባባሉ «ሳሙራይ ምንም ባይበላም ስቴኪኒውን ቀና ያደርጋል» እንደማለት ነው። የጠገበ ሰው ከምግብ በኋላ ዘና ብሎ ጥርሱን ይጎረጉራል። ይሄኛው ሳሙራይ ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቢሆንም ስቴኪኒውን አፉ ላይ ሰክቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ያየው ሁሉ «ዛሬስ ጥሩ በልቷል» እንዲለው ይፈልጋል።

አባባሉ ለሙገሳም ለሽሙጥም ይሆናል። ሲያሞግስ፣ ክብሩን የሚያውቅ ሰው ቢቸግረውም ገመናውን አደባባይ አያወጣም፣ ለሆዱ ብሎ አይዋረድም ማለት ነው። ሲሸሙጥ ደግሞ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሰው ፊት ይንጠባረራል ለማለት ነው። የቱ እንደሆነ ከተናጋሪው ድምፅና ከቦታው ይታወቃል። የሳሙራይ ፊልም የሚወድ ሰው ይህን አባባል ቢይዝ ደስ ይለኛል። ምርጥ ምርጦቹ ፊልሞች የተሠሩት በዚህ ሙገሳና በዚህ ሽሙጥ መካከል ነውና።

ለመሆኑ ሁለት ሰይፍ የታጠቀ ሰው እንዴት ይራባል? የራበው ሰላም ስለወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1600 የሴኪጋሃራ ጦርነት ተካሄደ፤ በ1615 የኦሳካ ግንብ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ጃፓን በቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ ማለትም በጦር ገዢዎቹ፣ ሥር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ትልቅ ጦርነት ኖረች። ለገበሬው እፎይታ ነበር። ለጦረኛው ግን ሥራ ማጣት ሆነ። ሾጉኖቹ የብዙ መሳፍንትን ርስት ሲነጥቁ፣ በሥራቸው ያደሩት ወታደሮች ጌታ አልባ ሆነው ሜዳ ላይ ቀሩ። ሮኒን የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ጌታ ያላቸውም ቢሆኑ ኑሮ አልሞላላቸውም። ደመወዛቸው የሚሰፈረው በሩዝ ነበር፤ መለኪያው ኮኩ ይባላል። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሰው ለዓመት ያኖራል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ደመወዙ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ቤተሰብ ሲበዛ አብሮ አይበዛም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ያለ ጥሬ ገንዘብ አይኖርም። ስለዚህ ሩዙን የሚሸጡላቸው ደላሎች ነበሩ። እነዚሁ ደላሎች ገና ያልደረሰውን ሩዝ መያዣ አድርገው ያበድሯቸዋል። በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሾጉኑ የቅርብ ሎሌዎች ሳይቀሩ እዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ በ1789 መንግሥት ራሱ ገብቶ የቆየ እዳቸውን በአዋጅ ሰረዘላቸው። በማዕረግ ነጋዴው ከሁሉም በታች ነው፤ ሳሙራዩ ግን የሚበላው ከእሱ ተበድሮ ነው። ታዲያ ስቴኪኒውን ቀና ባያደርግ ምን ያደርግ ነበር?

ስቴኪኒውም የራሱ ታሪክ አለው። በኤዶ፣ በአሳኩሳው ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ፣ የስቴኪኒ ሱቆች ተደርድረው ነበር። ቀጭኑ ብቻ አይደለም የሚሸጠው። አንድ ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ እኛ መፋቂያ ብሩሽ የሆነም ነበር። እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን ሌላ ነው። በዛሬዋ ቺባ፣ ኩሩሪ በሚባል ግዛት፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ሳሙራዮች ቤታቸው ተቀምጠው ስቴኪኒ ይጠርቡ ነበር፤ ለመደጎሚያ። አንዱ ሳሙራይ የጠገበ መስሎ የሚሰካውን ስቴኪኒ፣ ሌላው ሳሙራይ እራቱን ለማግኘት ይጠርበዋል። ሌሎቹ ጃንጥላ ይሠራሉ፣ እንደ ፌንጣ ያሉ ነፍሳት የሚቀመጡበት ጎጆ ይሠራሉ፣ አበባ ያለማሉ። አባባሉን ሕዝብ ዘንድ ያሰረጸው ደግሞ ጨዋታ ነው። በኪዮቶ በኩል ልጆች የሚጫወቱበት የምሳሌ ካርታ አለ፤ ኢሮሃ ካሩታ ይሉታል። ይህ አባባል ከካርታዎቹ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ። በ1961 በወጣው «ዮጂምቦ» ቶሺሮ ሚፉኔ ስቴኪኒ እያኘከ የሚዞር ሮኒን ሆኖ ይሠራል። ገንዘብ የለውም፤ ይበላና ሒሳቡን በሰይፉ ሠርቶ እንደሚከፍል ለምግብ ቤቱ ሽማግሌ ይነግረዋል። አባባሉን ለሚያውቅ ሰው ያቺ እንጨት ብዙ ትናገራለች።

አባባሉን ፊት ለፊት የተጋፈጠው ግን የማሳኪ ኮባያሺ «ሐራኪሪ» (ሆድን ቀዶ ራስን መግደል) ነው። በ1962 ወጣ፣ በዓመቱ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ። ታሪኩ በ1630 ነው። አንድ ወጣት ሮኒን ሚስቱና ሕፃን ልጁ ታመውበታል። ሰይፎቹን ሸጦ በአፎቱ የቀርከሃ ስለት ከቷል። የአንድ ትልቅ መስፍን ቤት ሄዶ «በግቢያችሁ ራሴን ልግደል» ይላል፤ አዝነው ገንዘብ ሰጥተው ይሸኙኛል ብሎ ነው። የቤቱ ሰዎች ግን ቀርከሃውን አዩ። ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን በዚያው በቀርከሃ ሆዱን እንዲቀድ አስገደዱት።

ከፊልሙ ውስጥ እኔ የማልረሳው ግን ይህን ሞት አይደለም። የሚስቱ አባት ሐንሺሮ ሬሳው ሲመጣለት ወጣቱ ሰይፉን ሸጦ እንደነበር ያውቃል። የራሱን ሰይፍ ያያል። እሱ ጃንጥላ እየሠራ፣ የልጅ ልጁ ትኩሳት እያንገበገበው፣ ሰይፉን መሸጥ አንዴም በሐሳቡ አልመጣም ነበር። ይህን የማይረባ ነገር ሙጥኝ ብዬ ኖርኩ ብሎ ያለቅሳል። እስከዚያች ደቂቃ ስቴኪኒውን ቀና ያደረገው እሱ ነበር። ኮባያሺ ክብርን አልናቀም። የናቀው የሌላውን ረሃብ የማያይ ክብርን ነው። በዚህ ከልቤ እስማማለሁ።

በ2002 ዮጂ ያማዳ የሠራው «የምሽቱ ሳሙራይ» ደግሞ ሌላ መልስ ይሰጣል። ሰይቤ የ50 ኮኩ ደሞዝተኛ ነው። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታለች። ሁለት ሴት ልጆችና ማስታወስ የተሳናት እናት አሉት። ባልደረቦቹ ከሥራ በኋላ ሊጠጡ ሲሄዱ እሱ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ልብሱ የተቀደደ ነው፣ ገላውን አይታጠብም። መስፍኑ ለጉብኝት መጥተው ጠረኑን እስኪያውቁት ድረስ። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የነፍሳት ጎጆ ይሠራል። ትልቋ ልጁ አጠገቡ የኮንፊሽየስን ትምህርት እየደገመች «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ትለዋለች። ከተማርሽ በራስሽ ማሰብ ትችያለሽ ይላታል። ይህ ሰው የጠገበ አይመስልም፤ ለመምሰልም አይሞክርም። ግን ክብሩን አላጣም። የእሱም ረጅም ሰይፍ ቀርከሃ ነው፤ እውነተኛውን ለሚስቱ ቀብር ሸጦታል። እንዲገድለው ለተላከበት ሰው ይህን በግልጽ ሲነግረው ሰውዬው በንዴት ይነድዳል፦ «በቀርከሃ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው?» እነዚህን ሁለት ቀርከሃዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። አንዱ በመደበቁ ባለቤቱን ያስገድላል፤ ሌላው በመነገሩ ያስቆጣል።

አኒሜሽኑም ከዚሁ እንጀራ በልቷል። በሺኒቺሮ ዋታናቤ በ2004 በተሠራው «ሳሙራይ ቻምፕሉ» ሙገን፣ ጂንና ፉ ከክፍል ክፍል ኪሳቸው ባዶ ነው። በአንዱ ክፍል የመብላት ውድድር ውስጥ ለመግባት ሰይፎቻቸውን እስከ ማስያዝ ይደርሳሉ። አባባሉ እዚህ ተገልብጧል፤ ቅድሚያ ለሆድ። የ«ጊንታማ»ው ጊንቶኪም ሰይፉ እንጨት ነው፣ የቤት ኪራይ እዳ አለበት። አከራይዋ ስትጮህበት ግን ልክ እንደ ድሮው ሳሙራይ ይኮፈሳል። ወጣቶች የሚስቁበት ቀልድ ሥሩ ሩቅ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ከ«የምሽቱ ሳሙራይ» እንዲነሳ ነው። ፍልሚያው ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛውን ሰይቤ የሚገጥመው በእንጨት ዱላ ነው። «ሐራኪሪ»ን ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ባላችሁ ማታ እዩት።