የጣና ታንኳ

ታንኳ የሚለው ቃል በአማርኛ ለማንኛውም ትንሽ የውሃ መጓጓዣ ያገለግላል። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ግን ታንኳ ማለት ከደንገል የታሰረው ነው፤ የእንጨቱና ባለ ሞተሩ ጀልባ ይባላል።

ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት እጥፍ ሊበልጥ የሚችል ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው፤ ከአረንጓዴ ቆዳው ሥር ያለው ነጭ ውስጡ እንደ ሰፍነግ አየር የያዘ ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። በመሆኑም በአገዳዎቹ መካከል ውሃ ቢሰርግም እንደተበሳ ጀልባ ወዲያው አይሰምጥም።

ሥራው የሚጀምረው ከአጨዳ ነው። የበሰለው ደንገል ከሥሩ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እርጥቡ ከባድ ነው፣ ከመጠን በላይ የደረቀው ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። አገዳዎቹ በወፍራም እስር ይጠቀለሉና ጎን ለጎን ተደርገው በልጥ ወይም በገመድ ጠብቀው ይታሰራሉ። ማሰሪያው ሲሳብ እስሩ በእግር ይረገጣል፤ የታንኳው ዕድሜ በዚህ ጥብቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ቀጥሎ የጎኖቹ እስሮች ይነሣሉ፣ ፊቱም እየቀጠነ ወደ ላይ ይቆለመማል። ውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይገባበታል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠውና ጭነቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ስለሆነ ከታች የሚሰርገው ውሃ አያገኛቸውም። ምስማር የለውም። ከሥሩ ሚዛን የሚጠብቅ ክንፍም ሆነ የኋላ መሪ የለውም፤ አቅጣጫው የሚያዘው በቀዛፊው ክንድና በረጅም የቀርከሃ መቅዘፊያ ብቻ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ይህን ማድረግ ከፍተኛ ችሎታ ይጠይቃል፤ ዓሣ አጥማጆች ማለዳ የሚወጡትም ለዚሁ ነው።

ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ተጎትቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ማሰር ግድ ነው። በትንንሾቹ ቀረሶና አምባዛ ይጠመድባቸዋል፤ በትልልቆቹ ከዘጌ ማገዶ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይደርሳል። ሞተር ከመምጣቱ በፊት የደሴቶቹ ገዳማት ከየብስ ጋር የሚገናኙት በእነዚሁ ነበር።

በታንኳ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ በጉማሬ አዳኝነት ይታወቁ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን አግልለዋቸዋል፤ የሐይቁን ትልቅ ጥበብ ለያዘ ሕዝብ ይህ የማይገባ ነበር። በራሳቸው ትውፊት አባቶቻቸው ዓባይን ተከትለው ከግብፅ የመጡ ናቸው። ይህ ምናልባት እንደ ትውፊት ብቻ መወሰድ ይኖርበት ይሆናል። ታንኳው በጥንት የግብፅ መቃብሮች ላይ ከተሣሉት የደንገል ጀልባዎች ጋር መመሳሰሉ ግን ለማንም ግልጽ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለ ደንገል ታንኳ ጽፈዋል።

ጣና በዓለም ፊት የተነሣበት ጊዜ 1961 ዓ.ም. ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። ታጭዶ ወደ ግብፅ ተጓጓዘና ጀልባው በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠራ፤ አሣሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ከጣና ደንገሉ ሲሄድ ባለሙያው መቅረቱ እስከ ዛሬ ያስቆጫል። «ራ» የተባለችው ጀልባ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ሰባት ሰዎችን ይዛ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ለስምንት ሳምንት ያህል በውቅያኖስ ላይ ቆይታ የካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ ተተወች። ዋናው ምክንያት የኋላዋ እየዘቀጠ መሄዱ ነው፤ በግብፃውያኑ ሥዕል ላይ የኋላውን ጫፍ ከፍ አድርጎ የሚወጥረው ገመድ በሥራው ጊዜ ችላ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱ የአሠራር እንጂ የጣና ደንገል አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት «ራ 2» ባርባዶስ ገብታለች፤ እሷን የሠሩት ከቦሊቪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው።

ዛሬ ታንኳን የሚያሰጋው የደንገሉ መመናመን ነው። ረግረጉ ለእርሻና ለግጦሽ እየዋለ፣ ከተማውም ወደ ዳሩ እየሰፋ ነው። የጨረጨራ ግድብና የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው የሚወሰን ሆኗል፤ ይህ በረግረጉ ላይ ተጽዕኖ አለው የሚሉ አሉ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው እምቦጭ ደግሞ የውሃውን ፊት እየሸፈነ የታንኳን መንገድ ይዘጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ የደንገሉ ረግረግም በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል።

በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ወይጦዎች ለጎብኚ የሚሸጡት በክንድ የሚታቀፍ ትንሽ ታንኳም አለ። የሚታሰረው ከዚያው ደንገል ነው፤ ውሃ ላይ ቢያስቀምጡት ይንሳፈፋል።